እማዬ የተነሳችለት አይብ

አባቴ ሌዎሽ አይብ እጠብሳለሁ ሲል መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሞተር ፈትቶ ይገጥማል፣ በዚያ ብርድ ሐዲድ ላይ ቆሞ ያድራል፣ እንቁላል ግን ጠብሶ አያውቅም። እናቴ ያርሚላ በነሐሴ ካረፈች ወዲህ የሚበላው ዳቦና ቋሊማ ነው፤ እሱንም ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ እያነሳ። ሳህን አቅርብ እንጂ ስለው “ማን ያጥበዋል?” ይለኛል። እኔ ነኛ የማጥበው፣ ሌላ ማን አለ?

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ልብሱን አጥብለታለሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ፣ ልብሱን ማሽን ውስጥ ስከት፣ ራዲም ለምንድነው የማይመጣው ብሎ ጠየቀኝ። ራዲም ታናሽ ወንድሜ ነው። ኦሎሞውትስ ከተማ ውስጥ ጎማ ቤት ይሠራል፤ ከእኛ ከተማ ከፕርዤሮቭ በባቡር ሻይ እስኪጠጣ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ግን እቤት እግሩ አልረገጠም። አባዬ በጠየቀ ቁጥር እኔ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ጉንፋን ይዞት ነው፣ የክረምት ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ነው እያልኩ ስሸፋፍንለት ከርሜያለሁ። የዚያን ቀን ግን ሰለቸኝ። ልብሱን ጣልኩና እውነቱን ነገርኩት። ልጅህ እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፣ ከዚህ ጠረጴዛ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አይችልም አልኩት።

ነገሩ ከአምናው የገና ዋዜማ እራት የመጣ ነው።

በዚያች ማታ እኛ ዘንድ የሚበላው ሁሉ፣ ጨውና ውሃው ሳይቀር፣ ሰው ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ከተቀመጡ በኋላ ሁሉም በልቶ እስኪጨርስ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። የተነሳ ሰው የሚቀጥለውን ገና አያይም ይባላል። አምናለሁ የሚል ሰው አታገኙም፤ የሚነሳ ሰውም አታገኙም። ስልክ ቢጠራ ይጥራ ነው። አንድ ዓመት ከላይ ፎቅ ያሉት ሰዎች ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ጭንቅላታችን ላይ ሲንጠባጠብ፣ አባዬ ወንበሩ ላይ የሰቀለውን ኮፍያ አጥልቆ አሳውን ጨርሷል።

ለዋዜማ የሚበላው አሳ ነው። ራዲም ግን አሳ አይበላም። ልጅ ሆኖ፣ አሳው በሕይወቱ ተገዝቶ እስኪታረድ መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ሲዋኝ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያጫውተው ሰነበተና ስም አወጣለት። በዋዜማው ያንኑ ወዳጁን ሳህን ላይ አየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ለእሱ ብቻ አይብ ትጠብሳለች። የተጠበሰ ደረቅ አይብ እንግዲህ በአዘቦቱም ከድንችና ከማዮኔዝ ጋር የምንበላው ነው፤ በየትምህርት ቤቱ አለ፣ በየባቡር ጣቢያው አለ። የዋዜማው ግን የራዲም ነበር፤ ማንም አይነካበትም።

አምና ታዲያ ወሬ ይዞት፣ ስለ አንድ ደንበኛው ሲያስቀን ቆይቶ፣ በመጨረሻ አይቡን በሹካ ነካ አድርጎ “እማ፣ ይሄ እኮ ቀዘቀዘ” አላት። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ነው እንደ ሕፃን እንዲህ የሚላት። እማዬ ሳቀችና የአፍ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ተነሳች። የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ቦዠና ደንግጣ ተቀመጪ አለቻት። እማዬ ግን “ጠባሽ አይቆጠርም” ብላ ከማቀዝቀዣው አንድ አይብ አወጣች፣ ጠበሰች፣ አቀረበችለት፣ ራዲምም ጥርግ አድርጎ በላ። በየካቲት ጉበቷ በካንሰር እንደተያዘ ሰማን። በነሐሴ ቀበርናት።

ከቀብር መልስ ምግብ ቤት ተቀምጠን ወጥ እየበላን ነው አክስቴ ቦዠና ያን የተናገረችው። ክፋት አልነበራትም፤ አፏ ነው እንጂ ሆዷ ባዶ ነው። ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና “ተቀመጪ ብያት ነበር” አለች። ራዲም ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ ለአባዬ ስዘረግፍለት አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠኝም። የቢራውን ጠርሙስ ወረቀት በጥፍሩ እየላጠ ቆየ። ኧረ ልጁ አብዷል እንዴ የሚል ነገር ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አይብ የሚጠበሰው ለምን ያህል ጊዜ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ያኔ ነው የሳቅኩት። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ዘንድሮ የራዲምን አይብ እኔ ነኝ የምጠብስለት፣ አንቺ አሳይኝና እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ አለኝ።

በማግስቱ ቢጫውን ደረቅ አይብ ገዝቶ ጠበቀኝ። በጣት ውፍረት ቁረጠው፣ ከዚያ አታሳሳው አልኩት። ዱቄት፣ ከዚያ የተመታ እንቁላል፣ ከዚያ የዳቦ ፍርፋሪ። ከዚያ እንደገና እንቁላል፣ እንደገና ፍርፋሪ። እዚህ ላይ ቆም አለ። ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል አለኝ። የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃል፣ ዝም ብሎ የሴቶች ማስመሰል ነው አለኝ። ተከራከርኩት፣ አልሰማ ሲለኝ ተውኩት። የራሱን በራሱ ይየው ብዬ ክንዴን አጣምሬ ቆምኩ። ቁራጮቹን አንድ ጊዜ ብቻ አልብሶ ዘይቱ ውስጥ ከተታቸው። ትንሽ ቆይቶ ከየጎናቸው እየተቀደዱ ሆዳቸውን ዘረገፉ። መጥበሻው በሙሉ አረፋ ሆነ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ያችን የተቃጠለች ዝልግልግ ነገር ፍቆ በዳቦ በላት፣ ይጣላል እንዴ ብሎ።

ያፈሳል አባዬ፣ ለዚህ ነው ሁለቴ የሚለብሰው፣ በተለይ ጠርዙ አልኩት። ማፍሰስ ሲባል ገባው። ሲያፈስ የኖረ ሞተር ሲደፍን ነው ፀጉሩ የሸበተው። ከዚያ በኋላ የአይቡን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ባዶ የቀረውን እየፈለገ፣ መነጽሩን እያወለቀና እያጠለቀ ሲሠራ ላየው ያስቅ ነበር። ያሳዝንም ነበር።

ፍርፋሪው ያለቀ ዕለት እገዛለሁ ብዬ ኮቴን ስለብስ ቆይ አለኝ። ጓዳ ገብቶ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለችውን የጨርቅ ከረጢት አወረደ። እማዬ የተረፈ ዳቦ አይጣልም ብላ የምታደርቅባት ከረጢት ነች። ውስጡ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ዳቦ ነበር። ከመታመሟ በፊት ይሁን ታማ እያለች፣ ብቻ እሷ ናት ገዝታ፣ ቆርጣ፣ የሰቀለችው። አባዬ መፈቅፈቂያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መፈቅፈቅ ጀመረ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስመለስ ፍርፋሪው በሳህን ተሞልቷል፣ ከረጢቷንም አራግፎ ወንበር ላይ አንጥፏታል።

አሁን የቀረው ራዲምን ማምጣት ነው። ይሄ ከአይቡም ይከፋል። አባዬ እኔ ብደውልለት ስልኩን አያነሳም፣ አንቺ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ።

ጎማ ቤቱ ሰው ተሰልፎበት ነበር፤ በረዶ ሲጥል ነው ሁሉም ጎማው ትዝ የሚለው። ራዲም እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጥ ነበር። ከእነ ልብሱ ብትመዝኑት የድሮውን ግማሽ አይሆንም። አባዬ እየጠበቀህ ነው፣ ለዋዜማው ና አልኩት። አልመጣም አለኝ። አይብ ሊጠብስልህ ነው አልኩት። መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ፤ አባዬን በሽርጥ ሳለው መሰለኝ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ።

“አይብ ከምታበሉኝ የጎማ ቁራጭ አብሉኝ” አለኝ።

በሽታው ሁለት ወር ውስጥ የበቀለ እንዳልሆነ፣ እሷ ባትነሳም እንደማይቀርላት፣ ሐኪሙ ራሱ በአፉ እንደነገረኝ፣ የማውቀውን ሁሉ ደረደርኩለት። ዳቦውን አስቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“ኢቮና፣ ጅል አይደለሁም እኮ። ጉበትና ወንበር እንደማይገናኙ አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ጉበቷ አይደለም፤ ስትነሳ ነው የሚታየኝ። ቀዘቀዘ ያልኳት እኔ ነኝ። ቀዝቅዞ ብበላው ምን እሆን ነበር?”

ወንድሜ ዓይኔ እያየ እየቀለጠ ነበር። በዚህ ከቀጠለ እማዬን ተከትሎ እንደሚሄድ ገባኝ፣ ፈራሁ። ሰው በእውነት አልሰማ ካለ እንግዲህ በሚፈራው ነው የሚያዘው። እሺ፣ እንዳሻህ፣ እንግዲያው ሦስት ሆነን እንቀመጣለን አልኩት፤ አባዬ፣ እትዬ ቦዠናና እኔ። በዋዜማ ጎዶሎ ቁጥር ሆኖ ጠረጴዛ የሚቀርብ ቤት የለም። ጎዶሎ ከተቀመጡ ሞት አንዱን ይወስዳል ነው የሚባለው። አምና እንኳ አምስት ስለነበርን እማዬ ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ጠርታ ስድስት አድርጋናለች፤ ዘንድሮ እሱም ልጁ ጋ ሄዷል። ራዲም ቀና ብሎ አየኝ።

“አንቺ እኮ ክፉ ነሽ” አለኝ።

“ነኝ። ሲመሽ እንዳትዘገይ” ብዬው ወጣሁ።

መጣ። በዋዜማው፣ መብራት ሊበራ ሲል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እጁን እስኪቀላ ፈትጎ ታጥቦ ገባ። ከአባዬ ጋር አልተቃቀፉም፤ እነሱ እንደዚያ አይደሉም። አባዬ ባቡሩ ሞቃት ነበር ወይ አለው። ሞቃት ነበር አለ። አክስቴ ቦዠና በጥቁር ልብሷ፣ የጋገረችውን ብስኩት በቆርቆሮ ይዛ፣ ከእነሱ ቀድማ ቦታዋን ይዛለች። ራዲምን ስታይ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋች። ለእሷ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠረጴዛችን ኩሽና ውስጥ ነው፤ ከምድጃው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ሾርባው፣ የድንች ሰላጣው፣ ተጠብሶ የመጣው አሳ፣ ዳቦው፣ ውሃው፣ ሁሉም ተደርድሯል። አይቡ ብቻ የለም። ራዲም ከሳህኑ ሌላ ነገር አላየም፤ ምናልባት ቀረ ብሎ ደስ ብሎት ይሆናል። እኔ ግን አባዬ ረስቶት መስሎኝ በዓይኔ ብጠቅሰው እንዳላየ ሆነ። ተቀመጥን። አባዬ ሁልጊዜ እንደሚለው፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲህ ያገናኘን አለ። እንዲህ ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ ጠረጴዛው የአምናው እንዳልሆነ ሁላችንም እናያለንና።

ሾርባውን በላን። አሳውን በየሳህናችን አወጣን። ያን ጊዜ አባዬ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አድርጎ ተነሳ።

አክስቴ ቦዠና ሹካዋ አየር ላይ ቀረ። ራዲም እጁን ሰንዝሮ የአባዬን እጅጌ ያዘ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

“አባዬ ተቀመጥ።”

“አይብህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው” አለ አባዬ።

“አልፈልግም። ተቀመጥ እባክህ። አሳውን እበላለሁ፣ ይኸው፣ እየበላሁ ነው።”

በእውነትም ከአሳው ሳህን ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ በእጁ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። ከልጅነቱ ጀምሮ አሳ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ ዓይኑን አባዬ ላይ ተክሎ፣ እንባው እየወረደ ያላምጥ ነበር። እሾህ እንዳያንቀው ብዬ ፈራሁ። አባዬ እጅጌውን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወደ ምድጃው ዞረ። እሳቱን ለኮሰ፣ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። የለበሱት አይቦች በሳህን ላይ ተኝተዋል፤ ጠርዛቸው በደንብ የተደፈነ፣ ከእማዬ ሥራ የማይተናነስ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን መናገር ጀመረ። አባዬ ሲያወራ እጁ ሥራ መያዝ አለበት፤ ካልሆነ ቃል አይወጣውም።

“ሐኪሙ የነገረን በየካቲት አይደለም” አለ። “በኅዳር ነው። የነገራችሁ በየካቲት ነው እንጂ እኛ በኅዳር አውቀናል። ይሄን ታያለሽ፣ የሚቀጥለውን ገና ግን አታዪም አላት።”

ዘይቱ መንጨርጨር ጀመረ፤ አንዱን አይብ ቀስ ብሎ ከተተው። በአውቶቡስ ስንመለስ ምንም አልተነጋገርንም አለ። እቤት ስንደርስ ኮቷን ሳታወልቅ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ለልጆቹ ትንፍሽ እንዳትል አለችኝ። ይህን ገና እንደ ሌላው ገና ይብሉ፤ እያለቃቀሱ አሳ እንዲበሉልኝ አልፈልግም። ከዚያም በኋላ ቢሆን አውቄ እንደነበር አትንገራቸው፣ ያን ማታ መለስ ብለው በእንባ እንዳያስቡት። አስማለችኝ። ማልኩላት።

ራዲም አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ።

“ስትነሳ ታውቅ ነበር?” አለ።

“ታውቅ ነበር። ጠዋት አይብህን ስታለብስ አንድ ትርፍ አልብሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደበቀች። ይሄ ለማነው አልኳት። ቀዘቀዘ ይለኛል፣ ያኔ እነሳለሁ አለችኝ። እንዴት ትነሺያለሽ፣ ቦዠና ትገድልሻለች አልኳት።” አባዬ አይቡን ገለበጠው። “ሳቀች። እናንተ ናችሁ መነሳት የማትችሉት፣ እኔ ዘንድሮ በነፃ ነው የምነሳው አለችኝ።”

አክስቴ ቦዠና ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“አንተ ስታወራ ቆየህ” አለ አባዬ፣ አሁንም ሳይዞር። “የዚያን ሰውዬ ወሬ፣ የደንበኛህን። እሷ የምታየው ሳህንህን ነበር። በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካ አደረገችኝና ‘ላይጠይቀኝ ነው እንዴ’ አለችኝ። ፈርታ ነበር፣ ራዲም። ሳትጠይቃት እንዳትቀር ፈርታ ነበር። ሳትጠይቃት ብትቀር ነበር የምታዝነው።”

ራዲም ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ ሸክም ሲወርድለት ቀና የሚል መስሎኝ። እሱ ግን ተቆጣ። ጠረጴዛውን በእጁ መዳፍ መታ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ይሄን ሁሉ ወር ለምን ዝም አልከኝ አለው። እኔ እዚያ ስሞት አንተ እዚህ ይሄን ይዘህ ተቀምጠሃል አለው። አባዬ እዚያው እንደቆመ መለሰለት።

“ምያለሁ አልኩህ። አንተ ደግሞ ይሄን እንደተሸከምክ አልነገርከኝም። እኔን የተቀየምክ ነበር የመሰለኝ። ኢቮና ባትነግረኝ ሞቼም አልናገረውም ነበር። አሁንም ቃሌን አፍርሼ እየከዳኋት ነው።”

“ያልኩት እኔ ነኝ” አለች አክስቴ ቦዠና፣ እጇን ከአፏ ሳታወርድ። “ያን ቀን፣ ወጡ ላይ። እኔ ነኝ።”

“አንቺ ያልሽውን ሁላችንም ስንለው ነው የኖርነው” አላት አባዬ።

ለአሮጊት ሴት እንደዚያ ማለቱ ጥሩ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ግን ዝም ብዬ አላልፋትም ነበር። እማዬ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል እየተሰናበተችን እንደነበር፣ እኛም ተሰናባች ፊታችን ተቀምጦ ሰላጣ እየተሻማን እንደነበር እያሰብኩ ነበር። አባዬ ደግሞ ያን ማታ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሁሉን እያወቀ፣ አሳውን በልቷል። እሱ እንዴት እንደዋጠው እንጃ።

የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አይቡ በአንድ ጎኑ ጠቁሮ ነበር፤ አባዬ ግን አላየውም። ሹካውን ይዞ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በቀብሩ ቀን አላለቀሰም፤ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ የአበባውን ገመድ ያስተካክል ነበር። እዚያው ምድጃው ፊት ነው እማዬን ያለቀሳት።

ራዲም አየው። አሳው ገና ሳህኑ ላይ ነው፣ ማንም በልቶ አልጨረሰም። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስቶ ሄደና ሹካውን ከአባዬ እጅ ወሰደ፤ የጠቆረውን አውጥቶ ጥሎ አዲስ አይብ ዘይቱ ውስጥ ከተተ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ቆሙ። አባዬ በእጅጌው ፊቱን እየጠረገ እሳቱን ቀንስ፣ ጠርዙን እየው፣ እዚያ ጋ እንዳያፈስ ይለው ነበር፤ ራዲምም እሺ እሺ ይላል፣ እያለቀሰ። አክስቴ ቦዠና ቀና ብላ አየቻቸው። ተቀመጡ አላለቻቸውም።

ሁለቱ ቆመው፣ ከመጥበሻው ላይ እየቆረሱ፣ አፋቸውን እያቃጠላቸው በሉት። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ራዲምን ቀናሁበት፣ በእውነት ነው የምላችሁ። እሱ ያን ማታ አንድ ነገር ጠይቋታል፤ እሷም ተነስታ ሰጥታዋለች። እኔ ምንም አልጠየቅኳትም። የሚያስፈልገኝ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።